«ፊደል ለማስቆጠር ዲግሪ ምን ይሠራል?»



ውድ አንባቢ ሆይ! አንዲት እህት በመዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች እንበል። ቀን የሥራዋ ናት፤ ማታ የቤቷ ናት። ይህች እህት በቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ዲግሪ ለመማር መቁረጧን ለቤተሰቧ ስትናገር የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል ብዙ ጊዜ «አላህ ያግዝሽ» የሚል አይደለም። «ፊደል ለማስቆጠር ዲግሪ ምን ይሠራል?» የሚል ነው። አባት ይለዋል። ባል ይለዋል። አማት ትለዋለች። የኬጂው ኮሚቴ ሰብሳቢም፣ ነገ ደመወዝ ጨምሩልኝ እንዳትለው በመስጋት ጭምር፣ ይለዋል። ይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ መምህርቷ ራሷ ከመስማት ብዛት ማመን መጀመሯ ነው። «እኔማ የሕፃናት ብቻ ነኝ» ትላለች፤ ያቺን «ብቻ» የምትባል ቃል ከየት እንደለመደቻት ሳትጠይቅ።

ይህ አባባል በአዲስ አበባም ይነገራል፤ በሆሳዕናም፣ በዱራሜም ይነገራል። ዛሬ ግን ንግግራችን በሻሾጎ ወረዳ፣ በቦኖሻና በዙሪያዋ ካላችሁ ሙስሊም ቤተሰቦች ጋር ነው። ምክንያቱም አባባሉ በየትም ስፍራ ስሕተት ቢሆን በቦኖሻ ግን እጥፍ ድርብ ስሕተት ነው።

ለምን?

እስቲ «ፊደል ማስቆጠር» የሚባለውን ሥራ ቀረብ ብለን እንመልከተው። የአምስት ዓመት ልጃችሁን አስቡት። ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ሀዲይሳ ነው። ጎሕ ሲቀድ ወይም ከዐስር ሶላት በኋላ ቁርአን ቤት ይሄዳል፤ እዚያ አሊፍ ባ ታ ይቀጥላል፤ የሚነበበውም የሚጻፈውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ቀን ኬጂ ወይም ኦ-ክፍል ይገባል። እዚያ የአማርኛው ሀ ሁ ሂ ይጠብቀዋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ። በዚያው ክፍል ውስጥ የእንግሊዝኛው ኤ ቢ ሲ ዲ ይከተላል። አንደኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ የገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ሀዲይሳ፣ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ ያው እንግሊዝኛ ላይ ያየው ቅርጽ ሌላ ድምፅ ይዞ ብቅ ይላል። እንግዲህ ይህ ልጅ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሦስት ዓይነት ጽሕፈትና አራት ቋንቋ ተደርድሮለታል ማለት ነው። በዓለም ላይ ስንት የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ይሸከማል? የፈረንጅ ልጅ በአንድ ቋንቋና በሃያ ስድስት ፊደላት እየታገለ ዲግሪ ያላት መምህር ተቀጥራለታለች።

ነገሩ በአቅጣጫ ብቻ አያበቃም። መጥበቅና መላላት የሚባለውን ተመልከቱ። በዐረብኛው ድምፅ ሲጠብቅ ሸዳ ከላይ ይቀመጣል። በሀዲይሳው ፊደሉ ራሱ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አናባቢው ሲረዝምም እንዲሁ ይደገማል። በአማርኛው ግን ምንም ምልክት የለም፤ «አለ» ተብሎ ሲጻፍ ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት ይሁን ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። አንድ ልጅ፣ ሦስት ሕግ! በላቲኑ ቢ እና ዲ ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ፊታቸውን ያዞሩ ናቸው፤ በዐረብኛው ባ፣ ታ እና ሣ አካላቸው አንድ ሆኖ በነጥብ ይለያያሉ። በዐረብኛው «ነጥቧን ልብ በል» የተባለ ልጅ በላቲኑ «ፊቷ ወዴት እንደዞረ ልብ በል» ይባላል።

ታዲያ ይህ ልጅ ቢን ገልብጦ ሲጽፍ፣ ስሙን ከቀኝ ወደ ግራ ሲጀምር፣ ያልሠለጠነች መምህርት ምን ትላለች? «ሰነፍ ነው» ትላለች። ወይም «አይገባውም» ትላለች። ደግ ከሆነች ዝም ትለዋለች፤ ካልሆነች በማስመሪያ እጁን ትመታዋለች። የተማረችዋ ግን ስሕተቱ ልጁ ማሰቡን እንደሚያሳይ፣ የአንዱን ጽሕፈት ሕግ ወደ ሌላው እየወሰደ መሆኑን ታውቃለች። ከኡስታዙ ጋር ተነጋግራ በዚህ ወር የትኛው ፊደል ላይ እንደደረሰ ትጠይቃለች። መጀመሪያ በሚናገረው ቋንቋ ድምፆችን በጆሮው እንዲለይ፣ በጭብጨባና በጨዋታ እንዲቆርጣቸው ታደርጋለች፤ ፊደሉ በኋላ ይመጣል። ይህ በተፈጥሮ የሚገኝ ችሎታ አይደለም። በርኅራኄ ብቻም አይገኝም። የልጅ አእምሮ እንዴት እንደሚያድግ፣ ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ፣ የጣት ጡንቻ እርሳስ ለመጨበጥ መቼ እንደሚደርስ፣ የማይሰማ ጆሮ ከማይታዘዝ ልጅ በምን እንደሚለይ የሚያስተምር የሙያ ዘርፍ አለ። እህታችን ልትማር የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

«እኛስ ማን ኬጂ አስተማረን? አድገን የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አድገናል። ግን ከእኛ ጋር የጀመሩት ሁሉ የት ደረሱ? አንደኛ ክፍል ገብተው ሁለተኛን ሳያዩ የቀሩትን የሠፈራችንን ልጆች ቁጠሯቸው። እኛ ያለፍነው ነን፤ የወደቁት መጽሔት ላይ አይጽፉም።

የአገራችንን ታሪክ በአጭሩ እንይ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት የተከፈተው ድሬዳዋ ላይ፣ የባቡር ሐዲድ ሊሠሩ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ነበር ይባላል። የአገሬው ልጅ ትምህርት ቤቱ ቁርአን ቤትና የቄስ ትምህርት ቤት ነበር፤ ለብዙ ዘመንም ሌላ አልነበረውም። መዋዕለ ሕፃናት የከተማና የባለገንዘብ ሆኖ ቆየ። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቢጠቅስም ጉዳዩ በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶችና ለሃይማኖት ድርጅቶች ተትቶ ነበር። በ2002 ዓ.ም ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ አወጡ። እስከዚያ ድረስ ዕድሜያቸው ከደረሰ መቶ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል ቅድመ መደበኛ የሚገቡት አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር። ከዚያ በኋላ ኦ-ክፍል፣ ሕዝቡ ዜሮ ክፍል የሚለው፣ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ግቢ ተከፈተና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ተጠጋ። በ2015 ዓ.ም የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርትን የመደበኛው መሰላል የመጀመሪያ እርከን አድርጎታል።

ልጆቹ መጡ። አልሐምዱሊላህ። መምህርቱስ? ክፍል ከግንብ ይሠራል፤ መምህር ግን ከግንብ አይሠራም። በብዙ ስፍራ ኦ-ክፍሉ የተሰጠው ለሕፃናት ላልሠለጠነ ሰው ነበር፤ ለላይኛው ክፍል የሠለጠነ ይመደብበታል፣ ወይም ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ያጣች የሠፈር ልጅ በትንሽ ገንዘብ ትቀጠርበታለች። እነዚህን እህቶች አንወቅስም። ያለ መሣሪያ፣ አንዳንዴ ያለ ወንበር፣ ስልሳና ሰባ ሕፃን ይዘው ውለዋል። ለእነርሱ የሚገባው ግን «ይበቃሻል» ማለት ሳይሆን «ጨምሪበት» ማለት ነበር።

ውድ አንባቢ! ምናልባት «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው፤ የእኛ አባቶች ሕፃንን በዱላና በሉሕ አስተምረው ዓሊም አወጡ» ትል ይሆናል። አባቶቻችንን እንዲህ አትበድላቸው። የቀይረዋኑ ሙሐመድ ኢብን ሰሕኑን በ256 ዓመተ ሂጅራ ነው ያረፉት። የሕፃናት አስተማሪ ሊከተለው የሚገባውን ሥነ ሥርዓት ብቻውን ለይተው መጽሐፍ ጽፈውበታል። ቅጣት ልክ እንዳለው፣ አስተማሪ ልጅን ቢጎዳ እንደሚጠየቅ፣ በማስተማሪያ ሰዓቱ ልጆቹን ትቶ ወደ ሌላ ጉዳዩ መሄድ እንደማይገባው በዝርዝር አስቀምጠዋል። ኢማም አል-ገዛሊ በ505 ዓመተ ሂጅራ አርፈዋል፤ ልጅ ከቁርአን ትምህርቱ በኋላ እንዲጫወት ሊፈቀድለት እንደሚገባ፣ ጨዋታ የተከለከለና ሁልጊዜ በትምህርት የተጨነቀ ልጅ ልቡ እንደሚሞት በኢሕያ ጽፈዋል። ኢብን ኸልዱን (808 ዓመተ ሂጅራ) ደግሞ በሙቀዲማቸው የመግሪብ፣ የአንዳሉስ፣ የኢፍሪቂያና የምሥራቅ ሕዝቦች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበትን ልዩ ልዩ ዘዴ እያነጻጸሩ ሐተታ አቅርበዋል፤ በትንንሽ ተማሪዎች ላይ የሚደረግ ጭካኔ ውሸትና ማስመሰልን እንደሚያስተምራቸውም አስጠንቅቀዋል። ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ሆነው! እንግዲህ ሕፃናትን ማስተማር ራሱን የቻለ ዕውቀት መሆኑን እኛ ከፈረንጅ የምንበደረው ነገር አይደለም። ሕፃንን ለተገኘው ሰው መስጠት ነው ከእነዚህ ዑለማእ መንገድ የወጣው።

ለመሆኑ ፈረንጆቹስ ምን አገኙ? በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ጥናት ተጀመረ። ከድኻ ቤተሰብ የመጡ 123 ጥቁር ሕፃናት ተመርጠው በሁለት ተከፈሉ። 58ቱ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ተሰጣቸው፤ የተቀሩት አልተሰጣቸውም። ከዚያም እስከ አርባ ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ተከታተሏቸው። ትምህርቱን ያገኙት ሁለተኛ ደረጃን በመጨረስ፣ በገቢና ከወንጀል በመራቅ ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ይህን ታሪክ ኬጂ ከፋቾች ሁሉ በየስብሰባው ይጠቅሱታል። የሚዘሉት አንድ ነገር ግን አለ፦ በዚያ ክፍል ያስተማሩት ሴቶች ሁሉ ዲግሪ ነበራቸው፤ ለስድስት ልጅ ገደማ አንዲት መምህር ነበረች፤ በየሳምንቱም መምህርቷ ልጁ ቤት ድረስ ሄዳ ከእናቱ ጋር ትሠራ ነበር። እኛ ውጤቱን እንጠቅሳለን፤ መምህርቷን ግን «ዲግሪ ምን ይሠራልሻል» እንላታለን። ፍሬውን ፈልጎ ግንዱን መቁረጥ ይሏል ይህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ምክንያቱም ዋናው ፍልሚያ ያለው ኮሌጅ ውስጥ አይደለም፤ ማድቤት ውስጥ ነው።

እየሠሩ መማር ምን ማለት እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። መምህርት ዲግሪዋን የምትማረው ባብዛኛው በክረምት ወይም ቅዳሜና እሑድ ነው። ክረምት ለባለ ደመወዝ ዕረፍት ነው፤ ለሻሾጎ ገበሬ ቤት ግን የዓመቱ ጭንቅ ወቅት ነው። በቆሎው ይታረማል፣ በርበሬው ይተከላል፣ ጎርፉ ከላይ ይወርዳል፣ ቦዮ ሐይቅ ዙሪያ ያለው ሜዳ ይጨቀያል፣ ልጆች በወባና በጉንፋን ይታመማሉ። ልክ በዚያን ጊዜ ነው «ሆሳዕና ሄጄ ሁለት ወር ልቀመጥ» የምትለው። ወይም ሳምንቱን ሙሉ አስተምራ ዐርብ ማታ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ሞጁሉን የምታነበው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። አሳይንመንቱን የምትጽፈው ሕፃን አዝላ ነው። ከደመወዟ ላይ የትራንስፖርት፣ የቤት ኪራይ፣ የኮፒ ይወጣል፤ ደመወዙም የሚታወቅ ነው፣ አንናገረው።

በዚህ መካከል ባልየው ምን ያደርጋል? አንዳንዱ፣ አላህ ይስጠውና፣ ይሸከማል። ብዙው ግን «ፈቅጄልሻለሁ» ይላል። ፈቃዱንም እንደ ትልቅ ስጦታ ቆጥሮ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል! ወንድሜ ሆይ፣ ፈቃድ ውኃ አይቀዳም። ፈቃድ ሕፃን አያጥብም። ፈቃድህ ላይ አንድ ባልዲ ጨምርበት። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር፣ ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ማስተላለፏን በየሚንበሩ ሰምተሃል። ይህን ሐዲስ ሰምቶ «ሱብሓነላህ» ማለት ቀላል ነው፤ ክረምት ሲገባ ድስት መጣድ ነው ከባዱ።

«ያገባች ሴት ምን ትማራለች?» ለሚለውም መልስ አለ። እናታችን ሐፍሳ (ረ.ዐ) ጽሕፈት የተማረችው ከሸፋእ ቢንት ዐብደላህ እንደሆነ ተዘግቧል። ዘገባው እንደሚያስረዳው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሸፋእን ትምህርቷን እንድትቀጥልላት ጠይቀዋታል። ያገባች ሴት፣ በትዳሯ ላይ ሆና፣ ከሌላ ሴት ትማራለች፤ ባሏም ያበረታታል። ከዚህ በላይ ምን ምሳሌ ይፈለጋል?

የጉዞና የመሕረም ጥያቄ የሚያነሱ አሉ። ጥያቄው የፊቅህ ነውና ለዑለማእ እንተወዋለን፤ ቅን ሆኖ የሚጠይቅም ያከብረናል። አብረው የሚማሩ እህቶች አንድ ቤት ሊከራዩ፣ ወንድም ወይም አባት አድርሶ ሊመልስ፣ ሆሳዕና ያለ ዘመድ ሊያስጠጋ ይችላል። ነገር ግን አንድ ግብዝነት አለና ሳንናገረው አናልፍም። ልጁ ሆሳዕና ድረስ ሄዳ ልትማር ስትጠይቀው «ሴት ልጅ ብቻዋን?» የሚል አባት፣ ያችኑ ልጅ በአውሮፕላን ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት ሲሸኝ ግን አፉን አይከፍትም! ሆሳዕና ሩቅ ሆነች፤ ሪያድ ቀረበች ማለት ነው?

ይህን ነገር ጠበቅ አድርገን እንያዘው፤ የአካባቢያችን ቁስል ነውና። ከሀዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ፣ ለጉዞው በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተይዞ፣ ዘመድ ተበድሮ እንደሆነ የማያውቅ ቤት የለም። ሴቶቹ ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል። ምን ለመሥራት? ብዙዎቹ የሌላ ሰው ሕፃን ለማሳደግ! ከ2006 ዓ.ም መባቻ ወዲህ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ ያለ ጥሪት፣ አንዳንዶቹም ያለ ጤና፣ አይተናል። ያም ሆኖ ለዚያ ጉዞ ብር ይገኛል። ለልጅቷ የክረምት ትምህርት ግን «ከየት ይምጣ?» ይባላል። እርግጥ ነው፣ ከዐረብ አገር የሚላከው ሪያል የስንቱን ቤት ጣራ ቆርቆሮ አድርጓል፤ አንክድም። የተሰደዱትንም አናወግዝም፤ ድህነት ነው የገፋቸው። እኛ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሪያድ ሕፃን ለመንከባከብ የሚከፈለው ዋጋ ለቦኖሻ ሕፃን ለምን በዛ?

አንድ ነገር ልጨምር። በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ሴት ስምንተኛ ክፍል እንድትጨርስና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ይጠይቅ ነበር። ሕጉ በኋላ ተሻሽሏል። ልብ አድርጉ እንግዲህ፤ በባዕድ ቤት አንድ ወይም ሁለት ልጅ ለመጠበቅ የብቃት ወረቀት ተጠየቀ፤ በእኛ መንደር አዳራሽ ውስጥ ስልሳ ሕፃን ለሚረከብ ሰው ግን «ፊደል ከለየች ይበቃል» ተባለ።

እናንተ የመድረሳና የኬጂ ኮሚቴ አባላት! ከእናንተም ጋር ወግ አለን። ከመስጂዱ አጠገብ ክፍል ሠርታችሁ ልጆቻችንን ከኢስላማዊ ሥነ ምግባር ጋር እንዲማሩ ስታደርጉ አመሰገንናችሁ። በሩ ላይ ሥዕል አሳላችሁ፣ ዩኒፎርም አሰፋችሁ፣ «በእንግሊዝኛ እናስተምራለን» የሚል ማስታወቂያ ሰቀላችሁ። ከዚያ መምህር ስትቀጥሩ ግን በርካሽ የምትገኘዋን ፈለጋችሁ። ሒጃቧን አያችሁ፣ ሥነ ሥርዓቷን አያችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። ስለ ሕፃናት የምታውቀውን ግን አልጠየቃችሁም። የልጅ እናት ለክፍያ ስትዘገይ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ፤ መምህርቷ የፈተና ቀን ፈቃድ ስትጠይቅ ግን ፊታችሁ ይጠቁራል።

«ካስተማርናት በኋላ ጥላን ትሄዳለች» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ የምትሄድ አለች። መንግሥት ትምህርት ቤት በተሻለ ደመወዝ ይወስዳታል፤ ወይም ዲግሪዋን ይዛ ከሕፃናት ክፍል ወጥታ ወደ ቢሮ ትገባለች። ይህ ሥጋት ሐሰት አይደለምና አላጣጥለውም። ግን አስቡት፤ ሳትማር ስለቀረች አልሄደችም ማለት፣ መሄጃ ስላጣች ተቀመጠች ማለት ነው። መሄጃ በማጣት የተቀመጠ ሰው ልጆቻችሁን በምን ልብ ያስተምራል? የክረምት ወጪዋን በከፊል ሸፍናችሁ «ከተመረቅሽ በኋላ ይህን ያህል ዓመት አገልግይን» ብላችሁ በጽሑፍ መዋዋል ትችላላችሁ፤ መሥሪያ ቤቶች የሚያደርጉት ነው። ውሉ ግን በሁለቱም ወገን ይሁን። እርሷ ዓመታቱን ስትሰጥ እናንተም ከዲግሪው በኋላ የሚከፈላትን ጭማሪ በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ። ከፋይ የሆኑ ወላጆችም በወር ትንሽ ጨምሩ ሲባሉ «ለሕፃን ይህን ያህል?» ማለታቸውን ይተዉ። ለጫት የሚወጣውን ገንዘብ እዚህ ላይ ባላነሳው ይሻላል።

እስካሁን ስለ ሌሎች ተናገርኩ። ተማሪዋ እህቴ ሆይ፣ አንቺንም ዝም ብዬ አላልፍሽም። ዲግሪ የሚባለው ነገር በአገራችን ውስጡ ባዶ የሚሆንበት መንገድ በዝቷል። አሳይንመንቱን በገንዘብ ያሠራች፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ከኮምፒዩተር ቤት የገዛች፣ በፈተና ከጎን የቀዳች ሴት ጥቁር ካባ ለብሳ ፎቶ ትነሣለች፤ ሰኞ ግን ወደዚያው ክፍል ተመልሳ ያንኑ ማስመሪያ ታነሣለች። «ዲግሪ ምን ይሠራል?» ለሚለው ሰው ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርባት እርሷን ነው። ከዚህ በላይ የሚጎዳን ጠላት የለም። ኮሌጆቹም ከነቀፋ አይድኑም፤ ስለ ሕፃናት ጨዋታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰሌዳ ላይ እያስገለበጠ የሚያስተምር መምህር አለ። ሕፃን ሳይታይ ስለ ሕፃን ተጠንቶ ያልቃል።

አንቺ ግን ከቀኑ መደበኛ ተማሪ የምትበልጪበት አንድ ነገር አለሽ። እርሷ ስለ ሕፃን ከሞጁል ታነባለች፤ ልምምድ የምትወጣው በመጨረሻ ነው፣ ለጥቂት ሳምንት። አንቺ ቅዳሜ ያነበብሽውን ሰኞ ጧት ትሞክሪዋለሽ። ስለ ንግግር መዘግየት የሚያወራውን ምዕራፍ ስትከፍቺ ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ትዝ ይልሻል። በዚያ ምዕራፍ ያልተጻፈ ነገርም ታያለሽ፤ ሞጁሉ ስለ አንድ ጽሕፈት ብቻ ሲያወራ አንቺ ሦስት የሚማር ልጅ ይዘሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ከዚህ ውጭ የት ትፈልጊዋለሽ? ቁርአን ቤት የሚሄዱና የማይሄዱ ልጆች ፊደል ሲለዩ ምን ልዩነት እንደሚያሳዩ፣ የትኛውን ፊደል ገልብጠው እንደሚጽፉ፣ በሀዲይሳ ተረት የጀመረ ክፍልና በእንግሊዝኛ መዝሙር የጀመረ ክፍል በዓመቱ መጨረሻ የት እንደሚደርሱ መዝግቢ። ደብተር ያዢ፤ የልጆቹን ስም ሳትጽፊ፣ ያየሽውን በየቀኑ ሁለት መስመር አስፍሪ። ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ስለ ሻሾጎ ሕፃን የምትጽፊው ነገር ከሌላ አገር መጽሐፍ ከምትቀጂው አሥር ገጽ ይበልጣል።

ለቤተሰቡ የቀረን የጊዜ ጉዳይ ነው። የክረምት ትምህርት ምዝገባና የእርሻው ጥድፊያ ተያይዘው ነው የሚመጡት። እህታችን በሰኔ መጨረሻ ሻንጣ ስትይዝ ለመጨቃጨቅ አትጠብቁ። አሁን፣ በበጋው፣ ከሶላት በኋላ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ትንሹ ልጅ በእነዚያ ሁለት ወራት ከማን ጋር ያድራል? አያቱ ከቻለች አያቱ፤ ካልቻለች የባል እህት። በቆሎውን ማን ያርማል? ላሟን ማን ያልባል? የኪራዩን ገንዘብ በርበሬው ሲሸጥ ከመጀመሪያው ኩንታል ላይ ማን ያስቀምጠዋል? ይህን ሁሉ በወረቀት ጻፉት፤ ከጻፋችሁትም ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ መስመሮች ላይ የባልየው ስም ይኑርበት።